ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው፤ ሸተሩ እስከ መቼ ይቆያል?

የሽምብጡ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በሠርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ፎቶ የምተዳደር ነኝ። ላለፉት አምስት ዓመታት የሠራሁት በአንድ ካሜራ ብቻ ስለነበር፣ ጥር ሳይገባ ሁለተኛ ለመያዝ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። አሁን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ሥራውን ትቶ ወደ ሌላ ንግድ ሊገባ በመሆኑ ባለ ሙሉ ፍሬም (ምስል የሚቀርጸው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራውን ከአንድ ሌንስ ጋር ሊሸጥልኝ በቃል ተስማምተናል፤ ቀብድ ግን ገና አልሰጠሁም። ሻጩ ይህንን ሊያነብ ስለሚችል የካሜራውን ስም ትቼዋለሁ፤ አምራቹ ሸተሩን፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ እስከ 150,000 ጊዜ ፈትኜዋለሁ ከሚላቸው ሞዴሎች አንዱ መሆኑን ብቻ ልግለጽ።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው። ሻጩ «ገና ስድስት ሺህ ፎቶ ነው ያነሳው» ይላል፤ ማስረጃ አድርጎ የሚያሳየኝም የመጨረሻው ፎቶ የፋይል ቁጥር 6214 መሆኑን ነው። ነገር ግን የእጀታው ጎማ በአውራ ጣት በኩል ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታም ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ስድስት ሺህ ፎቶ ብቻ ያነሳ ካሜራ እንዲህ ያረጃልን?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የራሴን ካሜራ የሚመለከት ነው። አንድ ጓደኛዬ ቁጥሩ ሲሞላ ሸተሩ እንደ አምፖል ድንገት ይቃጠላል ብሎ አስፈራርቶኛል። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲወጡ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብኝ የምገባበት አይኖረኝም። ምን ያህል እንደቀረው የሚታወቅበት መንገድ ካለ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ጠጋኙ

ወንድሜ፣ ከፋይል ቁጥሩ ልጀምር። ሻጩ ሆን ብሎ ዋሽቶህ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። ካሜራ ለፎቶ የሚሰጠው ቁጥር አራት አኃዝ ብቻ ስለሆነ 9999 ላይ ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። ስለዚህ 6214 የተባለው ፎቶ በእርግጥ 6,214ኛው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ከሆነ ግን 16,213ኛው፣ ዐሥራ አራት ጊዜ ዞሮ ከሆነም 146,200ኛው ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩን ከሜኑ ገብቶ እንደገና ከአንድ ማስጀመር ስለሚቻል ለገዥ የሚረባ ማስረጃ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ጎማው እውነቱን ሳይነግርህ አይቀርም።

እኛ ሸተር ካውንት የምንለው ትክክለኛው ቁጥር ካሜራው ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኒኮንና ፔንታክስ ይህንን ቁጥር ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር አብረው ስለሚጽፉት፣ አንድ አዲስ ፎቶ አንስቶ ኤግዚፍቱል በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማንበብ ይበቃል። ሆኖም ፎቶው ከካርዱ በቀጥታ የተገለበጠ መሆን አለበት፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ወይም በማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ካለፈ ይህ መረጃ ሊጠፋ ይችላል፤ «ላክልኝና አየዋለሁ» ማለት የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ካኖን በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ቁጥሩን ከፎቶው ጋር ስለማይጽፍ ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በተለየ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ የካሜራው ዋና ቦርድ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ ሸተሩ ብቻ ተቀይሮ ቁጥሩ ሳይነካ የቀረበትም ካሜራ አለ። ስለዚህ ተፈትቶ ያውቅ እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው፤ ብሎኖቹንም ተመልከት፤ ካቻቪት የነካው የብሎን ጭንቅላት ያስታውቃል።

ሸተር የሚባለው ከሴንሰሩ ፊት ለፊት የተተከለ የሁለት መጋረጃዎች ሥርዓት ሲሆን፣ እያንዳንዱ መጋረጃ እንደ ወረቀት ከሳሱ ጥቂት ቅጠሎች የተሠራ ነው። ቁልፉን ስትጫን የመጀመሪያው መጋረጃ ወርዶ ሴንሰሩን ለብርሃን ይገልጠዋል፤ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍነዋል። ፍጥነቱ 1/200 ሰከንድ ሲሆን የመጀመሪያው ጉዞውን ጨርሶ ካረፈ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚነሳው፤ ፍላሽ ከዚህ ወይም ከ1/250 በላይ በተለመደው መንገድ የማይሠራውም ስለዚህ ነው። በ1/4000 ግን ሁለተኛው ገና የመጀመሪያው መንገድ ላይ ሳለ እግር በእግር ይከተለዋል፤ ብርሃኑም በሁለቱ መካከል በቀረችው ጠባብ ክፍተት ብቻ ይገባል። መጋረጃዎቹን የሚስቡት ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ሲደክሙ ወይም የቅጠሎቹ መጋጠሚያ ሲላላ አንደኛው መጋረጃ ለቅጽበት ይዘገያል። ያች ቅጽበት በ1/200 አትታይም፤ በ1/4000 ግን ክፍተቱን ስለምትዘጋው ፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ትጥላለች። እንግዲህ ጓደኛህ ካለው በተቃራኒ አብዛኛው ሸተር ከመሞቱ በፊት ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱም ቀድሞ የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው። ሳያሳይ በድንገት ቅጠሉ የሚሰበር አይገጥምም ማለቴ አይደለም።

150,000 የሚለው ቁጥር አምራቹ የሸተሩን ክፍል ደጋግሞ እያስመታ የፈተነበት መጠን ነው። ያ ቁጥር ሲደርስ የሚቆም ነገር የለም፤ እስከዚያ አይበላሽም የሚል ዋስትናም አይደለም። መጠኑ እንደ ካሜራው ደረጃ ይለያያል፤ ካኖን 6ዲ 100,000፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ750 150,000፣ ኒኮን ዲ850 200,000፣ ኒኮን ዲ5 400,000፣ ካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 ደግሞ 500,000 ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ከ300,000 አልፎ ያለ ሳንካ የሚሠራ መጥቷል፤ 70,000 ሳይሞላ ቅጠሉ የተሰበረም መጥቷል። የፋብሪካ ጉድለት ሲኖር ቁጥሩ ጨርሶ ትርጉም ያጣል፤ ኒኮን በ2015 እ.ኤ.አ. የተወሰኑ የዲ750 ካሜራዎች ሸተር በፎቶው ከፊል ላይ ጥላ ሊጥል እንደሚችል አሳውቆ በመለያ ቁጥር እያጣራ ይጠግን ነበር፤ እነዚያ ካሜራዎች ገና አዲስ ነበሩ።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ፈትነው። ከደመናማ ሰማይ ወይም እኩል ብርሃን ካረፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመህ ሌንሱን ከትኩረት ውጪ አድርግ፤ ከ1/200 ጀምረህ እስከ መጨረሻው ፍጥነት በየደረጃው ዐሥር ዐሥር ፎቶ አንሳ። የፎቶው ላይኛው ወይም ታችኛው ጠርዝ ጠቁሮ እንደሆነ፣ በአንድ ፍጥነት የተነሱት ዐሥሩም እኩል ብሩህ መሆናቸውን በላፕቶፕ ተመልከት፤ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አትመን። ከዚያ አንድ ሰከንድና ሠላሳ ሰከንድ ላይ አድርገህ ድምፁን አዳምጥ። ደህና ሸተር አከፋፈቱም አዘጋጉም ጥርት ያለ ነው፤ የሚያንቋርር ወይም አንዳንዴ የሚንጠለጠል ከሆነ ተወው።

ባለታንኳ

ጠጋኙ በጻፉት ላይ የምጨምረው ከቁጥር ውጪ ያለውን ነው። እኔ የምሠራው በአብዛኛው ሐይቁ ላይ ነው፤ ወፎችን፣ ደንገል ጭነው የሚመጡ ታንኳዎችን፣ አንዳንዴም የገዳማቱን የግድግዳ ሥዕሎች አነሳለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ሸተርን የሚያደክሙት በተለያየ መጠን ነው። ፔሊካን ከውኃው ሲነሳ ጣቴን ከቁልፉ ላይ ሳላነሳ በሰከንድ ሰባት ፎቶ ሲወሰድ አንድ ማለዳ ሁለት ሺህ ይበላል። በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ፍላሽ ሳልጠቀም በጨለማው ውስጥ ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጌ አንዷን ሥዕል በሁለት ሰከንድ አነሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቼ አንድ መቶ ፎቶ አይሞላኝም። ወፍ የሚያነሳና ሥዕል የሚያነሳ ሁለት ሰዎች «አምስት ዓመት የተሠራበት ካሜራ» ቢሉ አንዱ ከሌላው ዐሥር እጥፍ ሊያንስ ይችላልና ዓመት ቁጥርን አይተካም።

ይሁንና እኔ ያጣሁት ካሜራ የሞተው በሸተር ብዛት አልነበረም። ቁጥሩ 40,000 አካባቢ ነበር። ነሐሴ ውስጥ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው ሞልቶ ሲወርድ ከፊት ለፊቱ ካለው ሣር ላይ ቆሜ ለግማሽ ቀን ያህል አነሳሁ፤ ርጭቱ እንደ ጉም ሆኖ ይመጣል እንጂ የሚያረጥብ አይመስልም። ማታ ካሜራውን ሳልጠርግ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ሸተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ጠጋኝ ሲከፍተው ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ቦርዱም በአንድ ጎኑ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ሸተሩን መቀየር ይቻል ነበር፤ ቦርዱ ግን ዋጋው የካሜራውን ያህል ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በክረምት ካሜራዬን በቦርሳ አላስቀምጥም። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአዲስ ጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሰበሰብኳቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምሬ አስቀምጠዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀንም አውጥቼ ሃያ ሠላሳ ጊዜ እጫነዋለሁ። እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ እንደሚያበቅል ሁሉም ያውቃል፤ ለወራት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሸተርም ሲነሳ እንደሚያቅማማ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ስለዚህ ሻጩ ሥራውን የተወው መቼ እንደሆነ ጠይቀው። ካሜራው ሁለት ክረምት ቁምሳጥን ውስጥ ከከረመ እኔ 100,000 ተመትቶ በየሳምንቱ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

ዓባይ ማዶ

ከባለታንኳ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ወፍ ለሚያነሳ ሰው ካሜራው ቢቆም ወፏ ነገም ትመጣለች፤ ሙሽራ ግን አትመለስም። ለእኛ ቁጥሩ ዋና ነገር ነው፤ እንደ ሥራ ወጪም መቆጠር አለበት። እኔ በአንድ ሠርግ ከጠዋቱ የሙሽራዋ አለባበስ ጀምሮ ሐይቁ ዳር እስከሚነሳው ፎቶ ድረስ 1,500 ጊዜ ያህል እጫናለሁ፤ መልሱ ሲጨመር ከዚያም ያልፋል። በዓመት 40 ሠርግ ብሠራ 60,000 ይሆናል፤ 150,000 የሚሞላው በሁለት ዓመት ተኩል ነው። ከልጆቹ በቀር የሚያነሳው የሌለው፣ በሳምንት ሁለት መቶ የሚጫን ሰው ግን በዓመት 10,400 ብቻ ስለሚደርስ ያንኑ ካሜራ ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ሸተር ስንት ዓመት ይቆያል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው የእያንዳንዱ ሰው ጣት ላይ ነው።

የእኛ አገር ፎቶ አንሺ ደግሞ የራሱ የሆነ የጊዜ አቆጣጠር አለው። ሠርጉ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ይከመራል እንጂ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። በመሆኑም ሸተር የሚመረመረውና የሚቀየረው በጾም ወራት ነው። እኔ በየዓመቱ በጾመ ነቢያት ጠጋኙ የጻፉትን ዓይነት ፈተና አደርጋለሁ፤ ጥርጣሬ ካለኝ ካሜራውን ወደ አዲስ አበባ እልከዋለሁ፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣም ቢሆን ለጥር ይደርስልኛል። ጥር 12 ቀን ላይ ኢረር የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ቢወጣ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ጠጋኝ ምን ይጠቅመኛል?

ያለ መጋረጃ፣ በኤሌክትሮኒክ ሸተር ማንሳት ስለሚችል መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ይሻላል የሚሉም አሉ። በእርግጥ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዜድ 9 ሜካኒካል (መጋረጃ ያለው) ሸተር ጨርሶ የለውም፤ የሚያልቅ ነገር የለም ማለት ነው። በርካሹ ካሜራ ላይ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ግን ሴንሰሩን መስመር በመስመር ቀስ ብሎ ስለሚያነብ፣ በአዳራሽ ውስጥ የኤልኢዲ መብራት ሲኖር በሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ አግድም መስመር ይጥላል፤ የሚጨፍር ሰው እጅም ይጣመማል። እኔ ሐይቁ ዳር በቀን ብርሃን ለተረጋጋ ፎቶ እጠቀምበታለሁ፤ ለዚያ ያህል የሜካኒካሉን ዕድሜ ይቆጥብልኛል። አዳራሽ ስገባ ወደ ሜካኒካሉ እቀይረዋለሁ።

ለጠያቂው፦ ቁጥሩ ያለፈ ካሜራ አይገዛ አልልም። ሲገዛ ግን የሸተር መቀየሪያው ዋጋ ከመሸጫው ላይ ተቀንሶ ይሁን፤ ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ውሉ ይቅር።

የሽምብጡ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ካሜራውን ተቀብዬ ሐይቁ ዳር ወርጄ ሰማዩን እያየሁ ፈተንኩት። መጀመሪያ ቁጥሩን ላፕቶፕ ላይ ሳነበው 166,870 ሆነ። ሻጩ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር እሱም ደነገጠ፤ እኔ እንደማየው ከልቡ ነው የደነገጠው፤ የፋይሉ ቁጥር ዐሥራ ስድስት ጊዜ መዞሩን አያውቅም ነበር።

እስከ 1/1000 ድረስ ሁሉም ፎቶ ንጹሕ ነው። በ1/2000 ከዐሥሩ ሦስቱ ላይኛው ጠርዛቸው በጥቂቱ ጠቁሯል። በ1/4000 ስምንቱ ላይ ጥላው በጉልህ ይታያል፤ ስፋቱ የፎቶውን አንድ ስድስተኛ ያህላል፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ግራ ያዘነብላል። በዝግታ ፍጥነት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሻጩ ክረምቱን ይሠራበት እንደነበርም ነግሮኛል። የራሴ ካሜራ 91,000 ላይ ነው፤ በሁሉም ፍጥነት ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት።

ጋሼ ጠጋኙ፣ ጥላው ሁልጊዜ ከላይ የሆነበት ምክንያት አለውን? ደግሞስ እኔ በሠርግ ላይ ከ1/500 በላይ የምሠራው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ እንዳለ ልጠቀምበት እችላለሁን ወይስ ሸተሩን ማስቀየር ይኖርብኛል? ሻጩ የመቀየሪያውን ዋጋ ሊቀንስልኝ ፈቃደኛ ሆኗል።

ጠጋኙ

ምስል ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። መጋረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ የጉዞው መጨረሻ የሴንሰሩ ታች፣ ማለትም የፎቶው ላይኛው ክፍል ይሆናል። የደከመው የመጀመሪያው መጋረጃ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ስለሚዘገይ ሁለተኛው እዚያ ላይ ይደርስበታል፤ ጥላውም እዚያው ይወድቃል። ወደ ግራ ማዘንበሉ ቅጠሉን ከሚይዙት ሁለት ክንዶች አንዱ መላላቱን ሳያመለክት አይቀርም፤ ይህ ደግሞ በራሱ የሚሻል ነገር አይደለም።

እንዳለ ብትጠቀምበት ለጥቂት ሠርግ ያሠራህ ይሆናል። እኔ ግን አልመክርህም፤ ክንዱ የላላ ቅጠል አንድ ቀን ከሐዲዱ ወጥቶ ሲታጠፍ ሴንሰሩን ሊጭረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትከፍለው ለሸተር ብቻ አይሆንም። ሻጩ ዋጋውን ከቀነሰ ግዛውና አስቀይረው። ሌላው አካሉ ደህና ከሆነ አዲስ ሸተር የገባለት ካሜራ እንደገና ብዙ ያገለግልሃል። ጾሙ ሳይፈታ ሸተሩን አሁኑኑ ማዘዝ አለብህ። ያገለገለ ሸተር ከሞተ ካሜራ ነቅሎ የሚገጥም ጠጋኝ ካጋጠመህ የዚያን ካሜራ ቁጥር ሳታይ አትስማማ።

እስከዚያው ሁለት ነገር ላስጠንቅቅህ። ቅጠሎቹን በጣትህም ሆነ በጨርቅ አትንካ፤ ጎማ በሚነፋ ኮምፕሬሰርም አታስነፋው፤ እንዲህ ተነፍቶ ቅጠሉ እንደ ቄጠማ ታጥፎ የመጣ አለኝ። ሁለተኛ፣ ሴንሰር የምታጸዳው ባትሪው ሙሉ ሲሆን ብቻ ይሁን፤ መብራት በጠፋበት ቀን በግማሽ ባትሪ ጀምረህ መሐል ላይ ካለቀ ሸተሩ በማጽጃው እንጨት ላይ ይዘጋል።

እኔ ጋ የምታመጣው ከሆነ ትናንት ያነሳሃቸውን ፎቶዎች ሳትሰርዝ በካርዱ ላይ ተዋቸው፤ ከቀየርኩ በኋላ በዚያው ፍጥነት አንስቼ ጎን ለጎን አሳይሃለሁ። ሌንሱን ቤት ተወው፤ የቦዲውን (የካሜራውን አካል) ክዳን ግን አትርሳ።